«መጣሁ» የሚለው ቁልፍ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት የነበርነውን አንድ በአንድ ልዘርዝር። ስም አልጠራም፤ እያንዳንዱ ራሱን ያውቃል፣ ሰፈሩም ያውቀዋል።

መጀመሪያ ባለሱቁ። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ባለው መንገድ የቤት ዕቃ በጅምላ የሚሸጡ፣ እኔ «ጋሼ» የምላቸው ሰው ናቸው። ከበሩ በስተግራ ተደራርበው ከቆሙት ሳፋዎች አጠገብ፣ የዘወትር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀጥሎ ልጃቸው፤ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ የምንሠራው አፕ ሐሳብም ከእሷ የመጣ ነው። ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች። ከዚያ ባለጋሪው፤ ከጎጃም የመጣ፣ የጋሼን ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮት የሚስቅ ሰው። ጋሪውን ደጃፉ ላይ አቁሞ ካርቶን ይደረድራል። ከዚያ እንግዳዋ፤ ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን ከሚያግዝ ማዕከል የመጣች፣ ነጭ ስኒከር አድርጋ መርካቶ የገባች ወጣት። እኔ ደግሞ ከበሩ ውጭ፣ ላፕቶፔን የቴርሞስ ካርቶን ላይ አስቀምጬ በርጩማ ላይ ነበርኩ።

አንዲት ሌላ ሰው ነበሩ፤ በአካል ሳይሆን በስልክ። እህል በረንዳ ዳር ሱቅ ያላቸው፣ የጋሼ የረጅም ጊዜ ደንበኛ የሆኑ እትዬ ናቸው። ከመካከላችን ባይገኙም ከሁላችን በላይ የተሰማው ድምፅ የእሳቸው ነው።

የተሰበሰብነው ለፈተና ነበር። የጋሼ ታናሽ ወንድም ለዓመታት ባንኮኒው ላይ ሲሠሩ ቆይተው የራሳቸውን ሱቅ ስለከፈቱ፣ በቦታቸው ሰው ያስፈልግ ነበር። ጋሼ ደግሞ ባንኮኒያቸውን ለባዕድ አይሰጡም። ልጃቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሏት፦

«ቅዳሜ የእህል በረንዳዋን ጭነት በእናንተ ስልክ እልካለሁ። በወጉ ከደረሰ ቀጥዪ፣ አልከለክልሽም። ካልደረሰ ሰኞ ጠዋት እዚህ ባንኮኒ ላይ ላግኝሽ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ አፕ የሚባል ነገር አልሰማም።»

እሷም እሺ አለች። ጋሼ ያሉትን የማያጥፉ ሰው መሆናቸውን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ጭነቱ ካልደረሰ ደግሞ እሷም ቃሏን አታጥፍም፤ ሰኞ ከባንኮኒው ኋላ ትቀመጣለች። ያንን እኔም አውቅ ነበር። እሷ ከሄደች የሚቀረው ላፕቶፕ የያዘ አንድ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ነጋዴ የሚያነጋግር የለም።

ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይልቅስ ቀልደኛ ናቸው። «ስታርታፕ» የሚለውን ቃል ከሰሙ ጀምሮ ስለ ልጃቸው ሥራ የሚያወሩት እንደ መኪና ነው።

«ልጄ እስታርት ታደርጋለች፣ ታጠፋለች፤ ደግሞ እስታርት ታደርጋለች» ይላሉ ለደንበኛ። «ማርሽ የምታስገባው መቼ እንደሆነ እንጃ።»

«አባዬ፣ ሞተሩ እየሞቀ ነው» ትላለች እሷ፣ ከዕቃው መካከል አንገቷን ብቅ አድርጋ።

«ባትሪው እንዳያልቅ ብቻ!»

እውነቱን ለመናገር ሞተር የሚያሞቀው እኛ ብቻ አልነበርንም። እኔ ኮድ መጻፍ የተማርኩት እዚሁ መርካቶ፣ የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ስልክ እየጠገንኩ ነው። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት በተሰነጠቀ ስክሪን ቪዲዮ አያለሁ፤ እንግሊዝኛውን ግማሹን ተረድቼ፣ ግማሹን ገምቼ። ያኔ «ምን ትሠራለህ?» ስባል መልሴ «ስልክ እጠግናለሁ» ነበር። ሌላኛው ሥራዬ በሰፈራችን ገና ስም አልወጣለትም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩበት የጀማሪዎች ስብሰባ ላይ ሰዉ ጥቂት ስለነበር ሁሉም ይተዋወቃል፤ ኋለኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ፣ የተናገሩትን ሁሉ በልቤ እየደገምኩ ተመለስኩ። ጥቂት ቆይቶ እዚያው አዳራሽ ወንበር ቀድሞ ያልያዘ ቆሞ የሚያዳምጥበት ጊዜ መጣ። ውድድር በየወሩ፣ ሥልጠና በየሳምንቱ፤ ከሐዋሳ የመጣ፣ ከጅማ የመጣ፣ ከባሕር ዳር ሌሊት ተሳፍሮ ቦርሳውን እንዳነገተ የገባ። አንዱ ለገበሬ፣ አንዱ ለነፍሰ ጡር፣ አንዱ ለታክሲ ሰልፍ። ሁሉም መድረክ ላይ ወጥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዓለምን ያስተካክላል።

እሷንም ያገኘኋት እዚያ ነው። አንድ ቡድን ምግብ ቤት ለቤት ስለሚያደርስ አፕ ሲያስረዳ፣ እጇን አውጥታ ተነሳች።

«እስካሁን የሰማናቸው በሙሉ በርገር የሚያደርሱ ናቸው» አለች። «የአባቴን ሳፋ የሚያደርስልኝ ማነው?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሳፋ እንዴት ከቦታ ቦታ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ከምጠግንበት ምድር ቤት መስኮት የሚታየኝ የጋሪ ጎማና የሰው እግር ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ሄጄ «እኔ እሞክራለሁ» አልኳት። ከዚያ በላይ የተናገርኩ አይመስለኝም።

መርካቶም በራሱ መንገድ እየተለወጠ ነበር። «በስልክ የሚገባ ብር ብር ነው እንዴ?» ሲሉ የነበሩ ነጋዴዎች አሁን ከዕቃው በፊት መልእክቱን ነው የሚጠብቁት። ቀኑን ሙሉ በየሱቁ የምትሰማው ይህንኑ ነው፦ «ገባ?» «አልገባም።» «አሁንስ?» «ኔትወርክ ነው፣ ትንሽ ታገሠኝ።» «አሁን ገባ!» የሚገዛውም የሚሸጠውም ስልኩን እንደ ረመዳን ጨረቃ ይጠባበቃል። ባለጋሪውም ክፍያውን የሚቀበለው በስልክ ነው። ስለዚህ ስልክ ይዞ ጋሪ መግፋት ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም።

አፑ ቀላል ነው። ባለሱቁ ጭነቱን ይመዘግባል፣ ባለጋሪው በስልኩ ይቀበላል፣ ዕቃው ሲደርስ ለደንበኛው መልእክት ይሄዳል። ለባለጋሪው ሦስት ትልልቅ ቁልፎች ብቻ አሉት፦ «እሺ»፣ «ጫንኩ»፣ «መጣሁ»። ሦስተኛው መጀመሪያ «ደርሻለሁ» ነበር። ርካሽ ስልኮች ላይ ግን ቃሉ ለሁለት ይሰበራል፤ «ደርሻ» ከላይ፣ «ለሁ» ከታች። ፊደሉን ላሳንስ ብል ፀሐይ ላይ አይነበብም። እንዲህ ያለ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ከእሷ ጋር ብዙ ተከራክረን «መጣሁ»ን መረጥን፦ አጭር ነው፣ ማንም ያውቀዋል፣ ቁልፉ ውስጥ ልክክ ይላል። ሁለታችንም ተደሰትን።

ባለጋሪው አፑን መሞከር የጀመረው ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ለደንበኛ የሚሄደውን መልእክት ገና አልከፈትነውም ነበር፤ እኛ ብቻ ነን የምናየው። የመጀመሪያውን ቀን ውጤት ስታይ እሷ እጇን አጨበጨበች። ጭነቱ ገና ከመነሳቱ ደርሷል።

«አየህ? አየህ?» አለችኝ። «አባዬ ይህንን ቢያይ!»

«ጋሪ እኮ ነው» አልኳት። «ክንፍ የለውም።»

«አንተ ደግሞ በደስታ መካከል ሚስማር ትፈልጋለህ።»

ሚስማሩን ፈለግኩ። የስልኩ ሰዓት የተዛባ መስሎኝ ሰዓቱን መረመርኩ፤ ልክ ነው። ኔትወርኩ መልእክቱን አዘግይቶ በአንድ ላይ የሚልከው መስሎኝ ያንን መረመርኩ፤ ልክ ነው። ኮዱን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አነበብኩት። አንዲትም ስህተት የለበትም። ቅዳሜ ደረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት እንግዳዋ መጣች። ልጅቷ ናት የጋበዘቻት፤ ማዕከሉ የሚቀጥለውን ዙር ቡድኖች እየመረጠ ስለነበር። እንግዳዋ ከመንገዱ መሐል ቆማ ሱቁን ስታይ፣ ከኋላዋ ጥቅል ጣቃ የተሸከመ ሰው «ጎን! ጎን!» እያለ መጣ። ጋሼ ክንዷን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቧት።

«እዚህ ሲጮኹብሽ ዞረሽ አትዪ፤ መጀመሪያ ሽሺ፣ ከዚያ እዪ» አሏት። በርጩማ አቀረቡላት።

እሷም አመሰግናለሁ ብላ፣ ጨዋ ሰው ናትና፣ ሥራዋን ጀመረች። «የተጠቃሚው ልምድ እስካሁን እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የእኔ?» አሉ ጋሼ። «ልምድማ ሞልቶኛል። ከአባቴ ጋር ከዚህ ቁመት ጀምሬ ነው» ብለው እጃቸውን ከሳፋው አፍ ትይዩ አደረጉ። ልጃቸው ከባንኮኒው ሥር የሆነ ነገር የጣለች መስላ አጎነበሰች። ስትስቅ ነው።

ጭነቱ ሁለት ምልልስ ነው። መጀመሪያ የቴርሞስ ካርቶኖችና ትሪዎች፣ ከዚያ ሳፋዎቹ። ባለጋሪው ጫነ፣ በገመድ አሰረ፣ ስልኩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ «ጫንኩ»ን ተጫነ። ላፕቶፔ ላይ «ተጭኗል» አለ። ሁሉም ልክ ነው። እኔ የማየው ስክሪኑን ነው፤ ሰውየውን አይደለም። ጋሪው ሲነሳ የጎማው ድምፅ ተሰማኝ። ወዲያው ስክሪኑ «ደርሷል» አለ።

ቀና ስል ባለጋሪው ከፊት ለፊቱ ሱቅ እንኳ አላለፈም።

የጋሼ ስልክ ጮኸ። እትዬ ናቸው። ጋሼ ድምፁን ለሁላችን ከፈቱት፤ ምስጋና መስሏቸው ነው።

«ዕቃው ደርሷል ይላል ስልኬ!» አሉ እትዬ። «የታለ? ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ወጥቼ ቆሜያለሁ። ከጤፍ ጆንያ በቀር የደረሰ ነገር አላየሁም!»

«ትንሽ ይጠብቁ፣ እየመጣ ነው» አሉ ጋሼ።

«ደርሷል ነው የሚለው፣ እየመጣ ነው አይልም! አማርኛ አነባለሁ እኮ! የሌላ ሰው ሱቅ አስገብቶት ይሆን? ኧረ ይፈልጉልኝ!»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሼ ወደ ልጃቸው ዞሩ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። «በኔ ስም ነው ደርሷል ያላችሁት» አሉ። «በዚህ ሱቅ ያልደረሰ ዕቃ ደርሷል ተብሎ አያውቅም። ዘግይቷል እንላለን፣ የለም እንላለን። ደርሷል ግን አንልም።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ባንኮኒው ላይ የነበረውን የራሷን ስልክ በግንባሩ ደፋችው። እንግዳዋ ነጭ ስኒከሯን አየች። እኔ ላፕቶፑን ዘጋሁ። ከኮዱ ውስጥ የምፈልገው ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያላየሁት አንድ ነገር ቢኖር ጋሪው ራሱ ነው።

«መጣሁ» አልኳት ልጅቷን፣ ባለጋሪውን ተከትዬ ሮጥኩ።

የደረስኩበት በርበሬ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ፊት ነው። እያስነጠስኩ ጋሪውን ከኋላ መግፋት ጀመርኩ። ባለጋሪው ዞር ብሎ አየኝ።

«ኢንጂነር! ምን ሆንክ? ሥራ ቀየርክ እንዴ?»

«ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። "መጣሁ"ን ተጭነሃል?»

«አዎ፣ አልረሳሁም» አለ፣ በኩራት። «አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም።»

«መቼ ነው የተጫንከው?»

«ልነሳ ስል ነዋ።»

«ያን ጊዜ እኮ ገና ጋሼ ደጃፍ ላይ ነበርክ።»

«እና?»

«እና አልመጣህም።»

ጋሪውን አቆመ። ከኋላችን የነበረ ሌላ ባለጋሪ ተሳደበ፤ የእኛው ሰውዬ ሳይዞር እጁን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ። ትዕግሥት እንደሚያስፈልገው ሰው አየኝ።

«ወንድሜ፣ "መጣሁ" የሚባለው መቼ ነው?»

«ስትደርስ።»

«ስደርስማ ያዩኛል! ለሚያየኝ ሰው "መጣሁ" ብዬ ምን ይሠራልኛል፣ ዓይን የላቸውም? መጣሁ የምለውማ ገና ስላልመጣሁ ነው። ጠብቁኝ፣ አትሂዱ፣ አትቆጡ ለማለት ነው።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «አንተስ አሁን ከሱቁ ስትወጣ ለልጅቷ ምን ብለሃት መጣህ?»

«መጣሁ» ነበር ያልኳት። የባለጋሪው ትከሻ መነቅነቅ ጀመረ። እኔም ሳቅ ያዘኝ፤ በሳቁ መካከል በርበሬው ደግሞ ያስነጥሰኛል። ቀኑን ሙሉ የምለው ቃል ነው። ከቤት ስወጣ ለእናቴ «መጣሁ» እላታለሁ። ለደንበኛ ስልኩን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ትቼ «መጣሁ» ብዬ ምሳ በልቼ እመለሳለሁ። ይህንን ቃል ቁልፍ ላይ ስጽፈው ግን ሰዋስው እንደሚያስተምር ሰው ነው ያነበብኩት።

እህል በረንዳ አብረን ደረስን። እትዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ከጆንያዎቹ መካከል ቆመዋል።

«ኧረ የጠፋው ደረሰ! በየት በኩል ነው የመጣችሁት፣ በደብረ ዘይት?» አሉ። ግን ካርቶኑን ሲያዩ ፊታቸው ተፈታ። ካርቶኖቹን ሲያስቆጥሩ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ነገሩንም አስረዳሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልረሳውም፦ «እኔን ብትጠይቁኝ እኮ እነግራችሁ ነበር። መጣሁ ያለ ሰው መቼ መጥቶ ያውቃል?»

ስንመለስ ሱቁ እንደ ለቅሶ ቤት ጸጥ ብሏል። ባለጋሪው ነገሩን ከእኔ ይልቅ ጥሩ አድርጎ ተረከው፤ እኔን እየመሰለ፣ ማስነጠሴንም ጨምሮ። ልጅቷ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ ባንኮኒውን ተደግፋ ሳቀች። እንግዳዋም ሳቀች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እኔም ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ "ደረስኩ" ብያችሁ ነበር» አለች። እውነት ነው፤ ከዚያ መልእክት በኋላ ብዙ ጠብቀናታል።

ጋሼ ብቻ አልሳቁም። ግን ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩ። ያንን የሚያደርጉት ዋጋ ሲከራከሩ ነው።

«ታዲያ ምን ልትጽፉ ነው?» አሉ።

«"ደረስኩ" ብንለውስ?» አለች ልጅቷ።

«"ደረስኩ" ያለ ሰው ገና ጫማውን እየፈለገ ነው።» ወደ እንግዳዋ በትሕትና ጎንበስ አሉ፤ «አንቺን አይመለከትም።»

«"ደርሻለሁ"?»

«እሱም "ደረስኩ" ነው፤ ክራባት አሰረ እንጂ።»

እኔ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ባለጋሪው ራሱን አከከ። «እኔ እንጃ» አለ። «ስደርስ ስለ ራሴ ምንም አልልም። ደክሞኛል።»

ጋሼ ጣታቸውን አነሱ። «እሱ ነው ነገሩ! የደረሰ ሰው ስለ ራሱ አያወራም፤ ስለ ሸክሙ ነው የሚያወራው። አባቴ ከምን አለሽ ተራ ምድጃ ተሸክሞ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ምን ይል ነበር? "ተቀበሉኝ!" ነው የሚለው። ተቀበሉኝ ከሩቅ አይባልም። ማን ይቀበልሃል? ብትዋሽ እንኳ ሸክሙ ራሱ ይመሰክርብሃል።»

ቃሉን ሁላችንም በየአፋችን ቀመስነው።

«ለሴት ሲሆን "ተቀበዪኝ" ነው» አለ ባለጋሪው። «ለትልቅ ሰው ደግሞ "ይቀበሉኝ"።»

«ለእትዬ "ተቀበሉኝ" ብትላቸው ይቆጣሉ?» ብዬ ጠየቅኩት። ትክክለኛውን ማወቅ ነበረብኝ።

«እሳቸው ምንም ብትላቸው ይቆጣሉ።»

«"ተቀበሉኝ" ጻፍ» አሉ ጋሼ። «ለብዙ ሰው ነው። ሱቅ ውስጥ ብዙ ሰው አለ።»

ቃሉ ከቁልፉ አልገባ አለ። እንደ «ደርሻለሁ» ከመሐሉ ሊሰበር ነው። ከቃሉ አጠገብ ትንሽ የጭነት መኪና ሥዕል አስገብቼ ነበር፤ በጋሪ ለሚሠራ ሰው መኪና ምን ያደርግለታል ብዬ ሥዕሉን አጠፋሁት። ያን ጊዜ «ተቀበሉኝ» ልክክ አለ። «መጣሁ»ን ግን አልነካሁትም። ባለበት ትቼ ትርጉሙን ብቻ አቃናሁለት፤ እሱ ሲነካ ለደንበኛው የሚሄደው መልእክት «ባለጋሪው መጣሁ ብሏል» ሆነ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመርኩም። እንግዳዋ ከትከሻዬ በላይ እያየች «ሰው ይገባዋል?» አለች። ባለጋሪው «ከዚህ በላይ እንዴት ይግባው?» አላት።

ሁለተኛው ጭነት ሳፋ ነው። ጋሼ ከመደርደሪያ አንድ ማንቆርቆሪያ አውርደው ከሁሉም በላይ አሰሩት። «ምርቃት ነው» አሉ፤ «ደንበኛችንን ፀሐይ ላይ ስላቆምናት።» ባለጋሪው «መጣሁ»ን ተጫነና ሄደ። በዚህኛው ግን አብሬው አልሄድኩም። አምስታችንም ተለያይተን፣ እነሱ ሱቁ ውስጥ፣ እኔ በሩ ላይ፣ እሱ መንገድ ላይ፣ አንዲት ቁልፍ እንጠብቃለን። ልጅቷ ሳሙና የጠገበ ጨርቅ ይዛ ንጹሕ የሆነውን ባንኮኒ ታጥባለች። ጋሼ ደንበኛ ሲገባ እንኳ አልተነሱም፤ «የሚፈልጉትን ይዩ» ብለው ወደ ስልካቸው ተመለሱ። ጋሼን እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ስክሪኑ ላይ «ተቀበሉኝ» የሚለው በራ። ሁላችንም የጋሼን ስልክ ነው የምናየው። ጮኸ።

«ማንቆርቆሪያዋ ታምራለች!» አሉ እትዬ። «ስልኬ "መጣሁ ብሏል" ሲለኝ እንግዲያማ ጊዜ አለኝ ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። "ተቀበሉኝ" ሲለኝ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ብወጣ በር ላይ ቆሟል። አሁን ገና አማርኛ ቻለ ይህ ስልክ!»

ጋሼ «በሰላም ይጠቀሙበት» ብለው ዘጉ። ስልኩን ግን ከእጃቸው አላወጡትም። ሌላ ቁጥር ደወሉ፤ የእህታቸው ልጅ ጋ ነው። መጀመሪያ በጉራግኛ ሰላምታ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ለእኛ ከፍ አድርገው፦ «ሰኞ ጠዋት ናልኝ። የለም፣ ለመጋዘን አይደለም። ባንኮኒው ላይ ነው የምትቀመጠው። አዎ። እሷ? እሷ ሥራ አላት።»

ልጅቷ ጨርቁን እንደያዘች ቀረች፤ ውኃው መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

«ምን ታዪኛለሽ?» አሏት። «ወለሉን አበላሸሽው። ጨርቁን አስቀምጪና ከእንግዳሽ ጋር ተነጋገሪ።» ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ልጅ፣ ቃሉን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ሰው ከጠየቀህ በትክክል ተናገር።»

በትክክል እየተናገርኩ ነው። ዛሬ አፑን ከሳጥን ተራ እስከ ሸማ ተራ ያሉ ባለጋሪዎች ይዘውታል፤ ማዕከሉም ተቀብሎናል፤ አዳዲስ ቡድኖች ሲመጡ እሷ መድረክ ላይ ወጥታ ታሪኩን ትነግራለች፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ስክሪኑን እቀይራለሁ። ጋሼ ለደንበኞቻቸው ልጃቸው ማርሽ እንዳስገባች ያወራሉ፤ ማርሹን ያስገቡት ግን እሳቸው እንደሆኑ አድርገው ነው።

እንግዲህ እኔ ያየሁት ይህ ነው። ሱቁ ውስጥ የነበራችሁ እኔ ከበሩ ውጭ ሆኜ ያልሰማሁትን ሰምታችኋል፤ እኔ ባለጋሪውን ስከተል ጋሼ ለልጃቸው ምን አሏት? ሁለቱም ሊነግሩኝ ፈቃደኛ አይደሉም፤ እንግዳዋ ግን እዚያው ነበረች። ሳፋዎቹ ሰማያዊ ይመስሉኛል፣ ባለጋሪው አረንጓዴ ነበሩ ይላል፤ እትዬ ያረጋግጡልን። ከፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ደረጃ ላይ ቆመው ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚስቁ አንድ አዛውንትም ነበሩ፤ የቆሙት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው ወይስ ሦስተኛው? ማን እንደሆኑ የሚያውቅ፣ ወይም እሳቸው ራሳቸው ይህን ካነበቡ፣ ከዚያ ከፍታ ምን ይታይ እንደነበር ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል።